የልብ ወለዱ ፈረሰኛና የወላይታ ዘመቻ

በታሪክ ያልነበረን ደግ ሰው ፈጥሮ በእውነተኛ ጦርነት መካከል ማቆም ለደራሲ የተገባ ነውን? የስዊድኑ ደራሲ ያን ጊዩ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተማቸው ልብ ወለዶች አርን ማግኑሶን የሚባል የመስቀል ጦረኛ ፈጥሯል፤ ታሪኩም በ2007 እ.ኤ.አ. በፊልም ታይቷል። አርን ስለ ኃጢአቱ ንስሐ ወደ ቅድስት አገር ተልኮ ሳለ ጠላቱን ሳላሕ አድ-ዲንን ከወንበዴዎች ያድናል፤ በ1187 እ.ኤ.አ. በሐጢን ጓደኞቹ ሲያልቁ ደግሞ ሳላሕ አድ-ዲን በተራው ይምረዋል።

ይህ ደስ ያሰኛል፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አንባቢ የአንዱን ፈረሰኛ ጨዋነት ለሠራዊቱ ሁሉ ይሰጥና፣ በ1099 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም የታረደውን ሕዝብ ይረሳል።

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወላይታን ሲወጉ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ዘመቻውን የተከተለው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ብዙ ሕዝብ እንዳለቀና እንደ ተማረከ ጽፏል። እንግዲህ ዛሬ አንድ ደራሲ በዚያ ሠራዊት ውስጥ ርኅሩኅ ወታደር ቢፈጥር፣ የበዴሳ ተማሪ መጽሐፉን በምን ልብ ያነበዋል?

እኔ አይፍጠር አልልም፤ ርኅሩኅ ሰው ከየትኛውም ጦር አይጠፋም። ነገር ግን የእርሱ ርኅራኄ የሌሎቹን ሥራ መሸፈኛ ሊሆን አይገባውም። ደግሞም ሳላሕ አድ-ዲን በጊዩ መጽሐፍ የራሱ አሳብና አንደበት አለው። ካዎ ጦናም ቆስለው ሲወሰዱ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት በሸንጎአቸው ተቀምጠው ስለ አገራቸው ሲመክሩ ይታዩ።