ቤተ ክርስቲያንና ጎረቤቷ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ጽሑፍ አብረን እንድንመረምረው የምፈልገው ጥያቄ አጭር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ነገ ብትዘጋ ከአጥሩ ውጭ ላለው ሰው ምን ይጎድልበታል? ለእኛ ለምእመናን ቅዳሴው፣ ማሕሌቱና ጉባኤው እንደሚጎድለን የታወቀ ነው። ነገር ግን ከቅጥሩ ሥር ጉሊት ዘርግታ የምትውለው እናት፣ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ሃይማኖቱም ከእኛ የተለየው ጎረቤታችን «ይህ ቀረብን» የሚሉት ነገር ይኖር ይሆን?

መልሱን ለመፈለግ ወደ ሐዋርያት ሥራ እንሂድ። በምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም ከግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገን የሆኑ መበለቶች በዕለቱ እደላ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ጉዳዩን አልናቁትም፤ ለተገኘው ሰውም አልሰጡትም። በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ 7 ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ጸልየውም እጃቸውን ጫኑባቸው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ምግብ ለሚያድል ሰው እጅ መጫን ካስፈለገ፣ ማዕድ ማገልገል ራሱ መንፈሳዊ ሥራ ነው ማለት ነው።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነበረ። ይህን ለማዕድ የተሾመ ዲያቆን በምዕራፍ 8 ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ የህንደኬን ጃንደረባ፣ ኢትዮጵያዊውን፣ ሲያጠምቅ እናገኘዋለን። አካሄዱን እንመልከት። አስቀድሞ እርሱ ወደ ሰውየው ሄደ። ሁለተኛ፣ ሲያነብ አዳመጠው። ሦስተኛ፣ ጠየቀው። አራተኛ፣ ሰውየው ሲለምነው ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ያስተማረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ አጥቢያ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ድምፅ ማጉያውን ወደ ሰፈሩ አዙሮ ይናገራል፤ ሰፈሩ የሚለውን የሚሰማበት ጊዜ ግን የለውም።

አባቶቻችን ይህን መንገድ ያውቁት ነበር። ቅዳሴውን የምናስቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ረኃብ በጸና ጊዜ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ገሠጸ፤ ድኾችንም ሰብስቦ መገበ። ኋላም በቂሣርያ ለድኾች፣ ለእንግዶች፣ ለሕሙማንና ሰው ለሚሸሻቸው የለምጽ በሽተኞች ማረፊያ አሠራ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ያንን ቦታ ሲያወድስ እንደ አዲስ ከተማ ቆጥሮታል።

በአገራችንም ምሳሌ አለን። በጎጃምና በጎንደር ገጠር የተጓዘ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሜዳው ታርሶ ዛፉ ባለቀበት ቦታ ወይራውና ጽዱ ተርፎ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከዚያ ደን የምትወጣ ንብ ማሳው የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ የአበባውን ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ታደርሳለች። የቤተ ክርስቲያን በረከት ከቅጥሯ አልፎ ለጎረቤት እንደሚተርፍ ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል?

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ጸሎት ነው፤ የቀረው የመንግሥት ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ሐዋርያት ግን ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት ሲተጉ መበለቶቹን ለሌላ አልተዉም፤ ሁለቱም በአንዲት ቤት ውስጥ ሰው ተመደበላቸው። ሌላው መጠንቀቂያ ደግሞ ርዳታን ወጥመድ አለማድረግ ነው። ጌታችን 10 ለምጻሞችን አነጻ፤ ለምስጋና የተመለሰው አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ሳምራዊ ነው። ጌታ ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ እንጂ ለምጹን አልመለሰባቸውም። እንግዲያስ አባል ይሆንልናል ብለን የምንሰጠው እንጀራ ንግድ እንጂ ምጽዋት አይባልም።

ታዲያ እኛ ወጣቶች ከየት እንጀምር? ገንዘብ የለንም፤ ዕውቀትና ጉልበት ግን አለን። አንደኛ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ወደ አካባቢው የእድር ዳኞች እንሂድ፤ ደብተር ይዘን የሰፈሩን ችግር እንጠይቅ፤ በመጀመሪያው ቀን ምንም ተስፋ አንስጥ። ሁለተኛ፣ ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን፣ የየትኛውም ሃይማኖት ልጆች ይሁኑ፣ በአዳራሻችን ማታ ማታ እናስጠና፤ በየዩኒቨርሲቲው ያለነው በተራ ማስተማር አያቅተንም። ሦስተኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በዝርዝር ይዘን ውኃ እንቅዳላቸው፣ ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው። አራተኛ፣ በደጀ ሰላም የሚቀመጡትን ነዳያን ስማቸውን እንወቅ። ሳንቲም ጥሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በስም ጠርቶ «እንዴት አደሩ?» ማለት ግን ቆም ማለትን ይጠይቃል።

የጀመርነውን በሁለት ወር እንዳንተወው ግን አደራ። የሰፈሩ ሰው ብዙ ጅምር አይቷል፤ የሚያምነን በሦስተኛው ዓመትም በዚያው ሰዓት አዳራሹን ከፍተን ሲያገኘን ነው።

ፊልጶስን ወደ ሠረገላው የመራ መንፈስ ቅዱስ እኛንም ወደ ጎረቤታችን ደጅ ይምራን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።