ከልክ በታች

ባለፈው ዓመት አጎቴ ላይ «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ አንተ ብያቸው አላውቅም። «ይቁሙ» ለማለት ግን ጊዜ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዛሁ። በ1873 የወጣው የኮልት ሽጉጥ ቅጂ ነው፣ ጣሊያን አገር የተሠራ። የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለእያንዳንዱ ተኩስ ከኋላ ያለውን መምቻ በአውራ ጣት መሳብ አለብህ፤ አለዚያ ቃታው ብቻውን ምንም አያደርግም። ጥይቱንም የምሞላው ራሴ ነኝ። የተተኮሰውን ቀለህ አጽድቼ፣ አዲስ ፕራይመር አስገብቼ፣ ባሩዱን በሚዛን ለክቼ፣ እርሳሱን ከላይ እገጥማለሁ። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክዬ ስለምውል፣ ማታ በእጄ የምሠራው ነገር ማግኘቴ ደስ ይለኛል።

ሽጉጡ ግን ይራገጣል። አጎቴ ስልሳ አልፏቸዋል፤ የእጃቸው አንጓ ያማቸዋል። አንድ ቅዳሜ «እስቲ እኔም ልሞክራት» ሲሉኝ፣ ለሳቸው ለስለስ ያለ ጥይት ላዘጋጅ ብዬ ተነሳሁ።

የጥይት አሞላል መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ባሩድና እርሳስ ሁለት ቁጥር ይሰጥሃል፦ መነሻና ጣሪያ። ጣሪያው ለምን እንዳለ ለማንም ግልጽ ነው። ለ.45 ኮልት ጥይት አሜሪካ ውስጥ የተቀመጠው የግፊት ጣሪያ 14,000 ፒኤስአይ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ ከብረቱ ጋር ቁማር መጫወት ነው። መነሻውን ግን እንደ ምክር ብቻ ቆጠርኩት። ከሱም ዝቅ አልኩ። ትንሽ ባሩድ፣ ትንሽ ርግጫ፣ ትንሽ አደጋ። ስሌቱ ጥርት ያለ መሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ቀለህ የተነደፈው በ1870ዎቹ ለጥቁር ባሩድ ነው። እስከ 40 ግሬይን፣ ማለትም 2.6 ግራም ገደማ ይይዝ ነበር፤ ያም ይሞላዋል። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ለለስላሳ ተኩስ የዚያን ሩብ እንኳ አይፈልግም። ስለዚህ የቀለሁ አብዛኛው ክፍል ባዶ ነው። ከዚህ ባዶ ቦታ ሁለት አደጋ ይመጣል። አንደኛ፣ ተዘናግተህ ሁለቴ ብትሞላው አይፈስም፤ ዝም ብሎ ይቀበልሃል። ሁለተኛ፣ ባሩዱ ከልኩ ሲያንስ ሰፊው ቀለህ ውስጥ ተበታትኖ ይተኛና አንዴ ደህና፣ አንዴ ደካማ ሆኖ ይነዳል። ደካማው እርሳሱን ከአፈሙዙ ላያስወጣው ይችላል።

ለመጀመሪያው አደጋ ባትሪ ይዤ እያንዳንዱን ቀለህ ውስጡን አየሁ። ለሁለተኛው ምንም አላደረግኩም።

መተኮሻው ቦታ ሦስቱ ጥይቶች ደህና ሄዱ። አራተኛው «ጧ» በማለት ፈንታ «ጲስ» አለ። አጎቴ «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» እያሉ አውራ ጣታቸውን ወደ መምቻው ላኩ። የጮህኩት ያኔ ነው።

ሽጉጡን ተቀብዬ፣ ጥይቶቹን አውጥቼ፣ ቀጭን የናስ ዘንግ በአፈሙዙ ሰደድኩ። መሃል ላይ ቆመ። እርሳሱ እዚያው ተቀርቅሯል። ከሲሊንደሩ አልፎ ስለሄደ ሲሊንደሩ እንደ ልቡ ይዞራል፤ ሽጉጡ ራሱ «አይሆንም» አይልም ነበር። አምስተኛው ጥይት ቢተኮስ የተቀረቀረውን ይመታና አፈሙዙን ያሳብጠዋል፣ ወይም ይሰነጥቀዋል። አጎቴ እጅ ላይ።

«ባለማወቅ ነው» ብዬ ልለፈው? አልችልም። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። ቁጥሩን ፊት ለፊት እያየሁት ነው የጣስኩት። ጣሪያውን ልጥስ ብል ኖሮ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መነሻውን ስጥስ ግን የተሰማኝ ደግነት ነው። የከነከነኝም ይሄ ነው። ክፉ በሚመስለው በኩል ስንሳሳት እንጠነቀቃለን፣ ሰውም ይቆጣናል። ደግ በሚመስለው በኩል ስንሳሳት ግን ማንም አይፈትሸንም፤ እኛም ራሳችንን አንፈትሽም።

አርስቶትል በጎነት ያለው በመብዛትና በማነስ መሃል ነው ይላል። ምሳሌው ምግብ ነው። ለአንድ ስፖርተኛ 10 ምናን ቢበዛበት፣ 2 ምናን ቢያንሰው፣ አሠልጣኙ ተነስቶ 6 አያዝለትም። ለታጋዩ ለሚሎን የሚያንሰው ለጀማሪ ይበዛል። መሃሉ የሚገኘው ሰውየውንና ሁኔታውን በማወቅ እንጂ በማካፈል አይደለም። በመቀነስም አይደለም።

አማርኛችን ይሄን ቀድሞ የያዘው ይመስለኛል። «ልክ ነህ» ስንል ትክክል ነህ ማለታችን ነው፤ «ልኩ ስንት ነው?» ስንል ደግሞ መጠኑን እየጠየቅን ነው። አንድ ቃል ነው። «ልክህን እወቅ» የሚባለው ግን ሁልጊዜ ለበዛበት ሰው ነው። ላነሰበት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ሥራዬም ላይ አይቼዋለሁ። ሲስተሙ እንዳይጨናነቅ ብለህ ምላሽ የሚጠበቅበትን ሰዓት ከልክ በላይ ስታሳጥር፣ ጥያቄዎቹ ይቋረጣሉ፤ የተቋረጡት ደግመው ይመጣሉ፤ ጭነቱ እጥፍ ይሆናል። ከሥራ በተቀነስኩ ጊዜም ለእናቴ በስልክ «ሥራው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል» አልኳት፣ እንዳትደነግጥ። ያ ግማሽ እውነት መሃል ላይ ተቀርቅሮ ቆየ። ሙሉው ሲመጣ ከሱ ጋር ነው የተጋጨው። ያስለቀሳት ሥራ ማጣቴ አልነበረም፤ መደበቄ ነው።

ታዲያ አለስልሶ መሥራት ስህተት ነው? አይደለም። የአጎቴ እጅ ዛሬም ያማቸዋል፤ ለስላሳ ጥይት ያስፈልጋቸዋል። የቀሩትን ጥይቶች ፈታኋቸውና ቀለል ያለ እርሳስ ገዛሁ። ለዚያ እርሳስ መጽሐፉ የሰጠውን መነሻ ይዤ፣ አንዲት ፍሬ ሳልቀንስ ሞላሁ። ርግጫው ቀነሰ። ልስላሴው መጽሐፉ ውስጥ ነበረ፤ እኔ ነኝ ከመጽሐፉ ውጭ የፈለግኩት።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ብዙ አላወራንም። ቤታቸው ልንደርስ ስንል አጎቴ ፈገግ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ አንተ አልከኝ አይደል?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ደንግጬ ነው።»

«ተው ተው» አሉኝ። «እሱስ ልክ ነበር።»