መጠየቅ አለማመን ነውን?

ከቤተ ክርስቲያኖቻችን ጎን ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚያሳድጉ፣ ሕሙማንን የሚጎበኙ፣ ተማሪዎችን የሚደግፉ ድርጅቶች አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእናንተ አንዳንዶቹ በቦርዳቸው ትቀመጣላችሁ። ያን ጊዜ የሚገጥማችሁ ከባዱ ጥያቄ የሕሊና ነው፤ ሥራ አስኪያጁ አብሯችሁ የሚጸልይ ወንድም ሲሆን፣ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ማለት ፍቅርን ማጉደል ነውን?

ብዙዎቻችን «ነው» ብለን አድገናል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ከቤተ መንግሥት አልፎ ወደ ስብሰባችን ገብቷል። በጸሎት ይከፈታል፣ ሪፖርት ይነበባል፣ «ተባረኩ» ይባላል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ማንም ስላልጠየቀ ሰላም ያለ ይመስላል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ሊይዝ አልወደደም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 እንደምናነበው፣ በስጦታው ምክንያት ነቀፋ እንዳይነሣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲጓዝ ሆነ። ጳውሎስ ስለሚጠረጠር አልነበረም፤ ታማኝ ሰው ራሱ ምስክር ይፈልጋልና።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ኒው ኢራ የተባለ ፋውንዴሽን ከሰረ። መሥራቹ ጆን ቤኔት፣ ገንዘባቸውን ለወራት እርሱ ዘንድ ለሚያስቀምጡ ድርጅቶች ስማቸው ያልተገለጸ ባለጸጎች እጥፍ አድርገው እንደሚሰጡ ይናገር ነበር። ብዙ የወንጌላውያን ኮሌጆችና አገልግሎቶች አመኑት። ባለጸጎቹ ግን አልነበሩም፤ ለቀደሙት የሚከፈለው ከኋለኞቹ በተሰበሰበው ነበር። ነገሩን ቀድመው ከጠየቁት አንዱ በሚሺጋን ስፕሪንግ አርቦር ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ መምህር የነበረው አልበርት ሜየር ነው። የራሱ ኮሌጅም ገንዘብ አስቀምጦ ነበርና ማስጠንቀቂያው ቶሎ ሰሚ አላገኘም። እርሱ ግን ሰነድ እየመረመረ መጠየቁን ቀጠለ። ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1997 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በገዛ ገንዘቤ ሰውን ባምንና ብጎዳ፣ የተጎዳሁት እኔ ነኝ። የቦርድ አባል ግን የተቀመጠው በሌሎች ቦታ ነው፤ ሳንቲሟን በሰጠችው መበለትና በሚረዳው ሕፃን ቦታ። እነርሱ በስብሰባው የሉም፤ እርሱ ዝም ካለ የሚጠይቅላቸው የለም። ስለዚህ ዝምታው በሰው ንብረት ለጋስ መሆን ነው።

«ጥርጣሬ ኅብረትን ይበክላል» የሚል ሰው እውነት አለው። መድኃኒቱ ግን ጥያቄን መተው ሳይሆን አስቀድሞ ሥርዓት ማድረግ ነው። ሐሜት ከተሰማ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ክስ ይመስላል፤ በየሩብ ዓመቱ ለሁሉም እኩል የሚቀርብ ጥያቄ ግን ማንንም አያዋርድም። በቼክ ላይ የሁለት ሰው ፊርማ፣ የውጭ ኦዲተር፣ የተወሰነ የአገልግሎት ዘመን፣ ከሥራ አስኪያጁ የተለየ የቦርድ ሰብሳቢ፤ እነዚህ ሁሉ ወንድምን ከፈተናም ከሐሜትም ይጠብቃሉ።

በአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሕግ ጣሪያውን ያስቀምጣል፤ ከጣሪያው በታች ያለው ወጪ ለታሰበለት ሕፃን መድረሱን መከታተል ግን የቦርዱ ሥራ ነው።

ልምምዱ ከወጣት ኅብረታችሁ ይጀምር። ገንዘብ ያዡ የመዘምራን ልብስና የሻይ ወጪ ሲያቀርብ ደረሰኙን ጠይቁት። ገንዘብ ያዥ ከሆናችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ ይዛችሁ ቅረቡ።