ለመድረክ ዜማ የሚዘጋጅ ወጣት

ሙዚቃዊ ተውኔት ማለት ታሪኩ በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈንና በውዝዋዜም የሚራመድበት ተውኔት ሲሆን፣ በጎጃም፣ በደምበጫና በአካባቢዋ ይህን ሙያ የሚመኙ ወጣቶች ሥራውን ለአዲስ አበቤ ብቻ የተሰጠ አድርገው ሊያዩት አይገባም፤ ዜማንና ተውኔትን በአማርኛ ካዋሐዱት ቀደምት ደራስያን አንዱ የሆነው ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚያው ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የወጣ የቅኔ ሊቅ ነበርና። የቅኔ ተማሪ ያለ ወረቀት ቅኔውን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ሲነግር፣ ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ሲታረምለትም አንገቱን ሳይደፋ እንደገና ሲቆጥር ያደገ በመሆኑ፣ ለልምምድ ከዚህ የተሻለ መሰናዶ በቀላሉ አይገኝም።

ወጣቱ ከድምፁ ውበት ይልቅ ለቃሉ ግልጽነት ይጨነቅ። በአማርኛ አንድ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለወጣል፤ «አለ» ላልቶ ሲነገር «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ «ይገኛል» ማለት በመሆኑ፣ ዜማው የላላውን ካጠበቀው ተመልካቹ ታሪኩ ይጠፋዋል። ስለዚህ ግጥሙን አስቀድሞ እንደ ተራ ንግግር ማጥናት፣ ከዚያ ዜማውን መጫን፣ በመጨረሻም ግጥሙን አይቶ የማያውቅ ሰው ከአዳራሹ ጀርባ ተቀምጦ የሰማውን እንዲደግም ማድረግ ይበጃል። በተቀረጸ ድምፅ ላይ ከንፈር ማንቀሳቀስ (በተለምዶ ፕሌይባክ የሚባለው) ለድግስ ያገለግል ይሆናል፤ ተዋናይን ግን ያሰንፋል።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር የተውኔትና የሙዚቃ ክፍሎቻቸውን ለየብቻ ስለሚያደራጁ፣ መዝፈንም መተወንም የሚችል ሰው አንዳንድ ጊዜ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለቤት አጥቶ ይቀራል። የሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን መድረክ የወጣችው አስናቀች ወርቁ ግን ክራር ትደረድር፣ ትዘፍን፣ ትተውንም ነበር፤ ሴት ልጃቸው መድረክ እንዳትወጣ የሚያመነቱ ወላጆችም የእርሷን ስም ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ደመወዙ ብዙ ጊዜ አነስተኛ በመሆኑ ትምህርትን አቋርጦ ወደ ከተማ መኮብለል አይመከርም። የትምህርት ቤቱ የኪነ ጥበብ ክበብ ለጀማሪ ይበቃል፤ በዚያም ወጣቱ አንዲት አጭር ትዕይንት መርጦ፣ ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ ይጎድል እንደሆነ ይፈትሽ፤ ካልጎደለ ዘፈኑን ያውጣው።