ያልተፈለገው መልስ



ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሰ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ፣ «አባ፣ ዓለም በእኩልታ የሚገለጽ ከሆነ የእግዚአብሔር ሥራ የቱ ላይ ነው?» ሲል ጠየቀን። እኛም «እንዲህ ያለ ጥያቄ ከትዕቢት ይመጣል» ብለን አሰናበትነው። ቆይተን ስናሰላስለው ግን ትዕቢቱ በማን ዘንድ እንደ ነበረ ኅሊናችን ነገረን። ለመሆኑ የማንወደው ነገር ሲገጥመን ወደ ጎን ልንጥለው ይገባናልን? በዚህ ረገድ ተማሪው የሚማረው ትምህርት ራሱ የሚያስተምረን አለው።

በክርስትና እምነቱ የጸናው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት የታወቁትን ሕግጋት በሒሳብ አስተባበረ። የጎደለውን ጨምሮ ሲያሰላ እኩልታዎቹ ስለ አንድ የማይታይ ሞገድ ተናገሩ። ፍጥነቱም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከብርሃን ፍጥነት ጋር የተቀራረበ ሆነ። ስለዚህ ብርሃን ራሱ እንዲህ ያለ ሞገድ ነው ሲል ደመደመ። ማክስዌል በ1879 ዐረፈ፤ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትዝ እንዲህ ያለውን ሞገድ በቤተ ሙከራ አመንጭቶ ያሳየው ግን በ1887 እና በ1888 ነው። በየቤታችን የምንሰማው ሬዲዮ የዚያ ስሌት ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ይነካናል። በራሱ ሲባዛ 9 የሚሆን ቁጥር 3 ብቻ አይደለም፤ ነጌቲቭ 3ም እንዲሁ ነው። የማሳውን ወርድ የሚያሰላ ገበሬ ነጌቲቩን ቢተው ማንም አይነቅፈውም። እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ በ1928 የኳንተም ሜካኒክስን ከአይንስታይን ሕግ ጋር አስማምቶ ስለ ኤሌክትሮን የጻፈው እኩልታም ሁለት ዓይነት መልስ ሰጠ፤ በአንደኛው የኤሌክትሮኑ ጉልበት ከዜሮ በታች ነበር። ይህን ግን እንደ ገበሬው መተው አልተቻለም፤ በኳንተም ሕግ ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላልና። ዲራክ በመጀመሪያ የመልሱ ትርጉም ፕሮቶን መሰለው፤ ተሳሳተ። በ1931 ግን በክብደቱ ኤሌክትሮንን የሚያህል፣ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ግን ፖዘቲቭ የሆነ፣ ገና ያልታየ ቅንጣት ሊኖር እንደሚገባ ጻፈ። በ1932 አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን የዲራክን ስሌት ለማረጋገጥ ሳይነሣ፣ ከኅዋ በሚመጡ ጨረሮች ውስጥ አገኘው። ፖዚትሮን ተባለ።

ከዚህ ተነሥተን «እነሆ፣ ሒሳብ የማይታየውን አሳየ፤ እምነትም እንደዚሁ ነው» ብለን መስበክ በቀለለን ነበር። ሆኖም ይህ ቅንነት አይሆንም። የፊዚክስ ሊቅ ስሌቱን ለሙከራ ያቀርባል፤ ሙከራው ካልተቀበለው ይተወዋል። እግዚአብሔር ግን በመሣሪያ የሚያዝ ቅንጣት፣ ወይም እኩልታ ሲጎድል የሚጨመር መሙያ አይደለም። እንደዚያ ያለ አምላክ እኩልታው በተሟላ ቁጥር ስፍራ ያጣል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ፍጡራን ከፈጣሪያቸው የተቀበሉት የራሳቸው ሕግ እንዳላቸው አስተምሯል። ስለዚህ ለተማሪው ልንሰጠው የሚገባን መልስ ይህ ነበር፦ እግዚአብሔር እኩልታው ባበቃበት ብቻ ሳይሆን እኩልታው በሠመረበትም ፈጣሪ ነው፤ ሥርዓቱም፣ ያን ሥርዓት የሚያስተውለው አእምሮም ስጦታዎቹ ናቸው።

ዲራክ በወጣትነቱ ሃይማኖትን አጥብቆ የተቸ ሰው ነበር። ሆኖም በ1961 የጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ሰው ለማስተናገድ ካልፈራች፣ እኛ የገዛ ልጃችንን ጥያቄ ስለምን እንፈራለን?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት እምነትን አያሳንስም። አስቸጋሪ ጥያቄ የሚያመጣ ወጣት ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱ ራሱ የመታመን ምልክት ነው። እኛም ያን ተማሪ ፈልገን ይቅርታ ልንጠይቀው፣ ጥያቄውንም ከመጀመሪያው ልንሰማው ወስነናል። የጥበብ ምንጭ የሆነ አምላክ ትሕትናውን ይስጠን።