ብትረሳህስ?

ወንድሜ፣ እህቴ፤ እናትህ የመርሳት ሕመም ይዟት አውሮፓ ውስጥ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብታለች እንበል። (ለስንቱ ቤተሰብ እንበል አይደለም፣ ኑሮው ነው።) ሄደህ ታያታለህ፤ አታውቅህም። «ገና ስወጣ ለምትረሳኝ ምን አመላለሰኝ?» አልክ።

አእምሮውን ካጣ ሰው ላይ ብዕር ተነስቷል፤ ሶላት ቢያልፋት አትጠየቅም። አንተ ላይ ያላት ሐቅ ግን አልተነሳም። ሱረቱል ኢስራእ 23 «ኡፍ» እንዳትል የከለከለህ ወላጅህ ሲያረጅ ነው፤ ታውቅህ አታውቅህ አላለም።

ትዝታ ቢጠፋም ልማድ ቶሎ አይጠፋም። ሆላንድ ዌስፕ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ሆግዌይ ሕመምተኞቹ እንደለመዱት የሚኖሩበት መንደር ነው፤ ሱቅም ካፌም አለው። የእናትህ ልማድስ? አሥር ጊዜ «ዙህር ሰገድኩ?» ካለችህ አትቆጣት፣ «ሰግደሻል» ብለህም አትዋሻት፤ «ነይ አብረን እንስገድ» በላት። ለሠራተኞቹም ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ አሳያቸው፤ ሻሿን ያለ ፈቃዷ እንዳያወልቁባት ንገራቸው።