የወላጆቻችን ጠብና የእኛ የእጅ ጽሕፈት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ከሩቅ ስለ ሰማነው ነገር አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በአንድ የጽዋ ማኅበር እየተሰበሰቡ፣ በአንድ ደብር እያስቀደሱ፣ በትምህርት ቤት መዋጮ ምክንያት ተጣልተው የእግዚአብሔር ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ስለ ደረሱበት ጉዳይ ነው። ነገሩን የምናነሣው ታላላቆቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ወቀሳው ወደማን እንደሚዞር እያነበባችሁ ስትሄዱ ታዩታላችሁ።

ጠቡ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። የብዙዎቻችን ታናናሾች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የሁለት ክፍሎች ጣሪያ ያፈስሳል፤ ለሁለት በተሠራ ዴስክ አራት ልጆች ይቀመጣሉ። የወላጅ መምህር ኅብረት ኮሚቴው ስብሰባ ጠርቶ በእያንዳንዱ ተማሪ 500 ብር እንዲዋጣ ሐሳብ አቀረበ። ወላጆችም ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ። ሱቅ ያላቸውና የወር ደመወዝተኞች የሚበዙበት ወገን «ልጅ ሁሉ እኩል ይማራል፤ እኩል ይከፈል፤ ያልከፈለ አይመዝገብ» አለ። የቀን ሥራ የሚሠሩ፣ ጉሊት የሚቸረችሩ፣ አራትና አምስት ልጅ የሚያስተምሩ ወላጆች ደግሞ «በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት ቤትን እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ አድርጎታል፤ መዋጮ በፈቃድ ነው፤ ይሁን ከተባለም በቤተሰብ እንጂ በልጅ ቁጥር አይሁን» አሉ። ቢራ የሚሸጥበት የሙዚቃ ምሽት እናዘጋጅ ያሉም ነበሩ። ለልጆች ዴስክ ለመግዛት አባቶችን ማስከር ምን ዓይነት ሂሳብ እንደ ሆነ ስላልገባን እሱን እናልፈዋለን።

ከሁሉ ያስገረመን ሁለቱም ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስን መጥቀሳቸው ነው። የእኩል ክፍያ ደጋፊዎች ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30ን አወጡ፤ በዚያ ሕዝቡ ሲቈጠር እያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ፣ ባለጠጋው እንዳይጨምር ድኃውም እንዳያጎድል ታዝዟል። ሌሎቹ ደግሞ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለችውን፣ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጠሩ። እኛም በጥናት ክፍላችን ሁለቱን አነበብን።

የግማሽ ሰቅሉ ነገር እውነት ነው። በምዕራፍ 38 እንደ ተጻፈው ከ603,550 ሰዎች ከተሰበሰበው ብር 100 መክሊቱ ለመቅደሱ 100 እግሮች ዋለ። ነገር ግን ይህ የተጠየቀው ሃያ ዓመት ከሞላው ወንድ ነው፤ አምስት ሕፃናት ያሉት አባት አምስት ጊዜ አልከፈለም። ወርቁን፣ ሐምራዊውን ግምጃ፣ የግራሩን እንጨት ያመጣው ግን ልቡ ያነሣሣው ሰው ነው፤ ያውም ከሚያስፈልገው በላይ ስለ መጣ ሙሴ ይብቃ ብሎ አሳወጀ። ስለዚህ በአንዲት ድንኳን ውስጥ እኩል የተወሰነውም፣ በፈቃድ የመጣውም አብረው ቆመው ነበር። መበለቲቱንም የሚጠቅሱ ወገኖች ጥቂት ማሰብ አለባቸው፤ ማንም አላስገደዳትም፣ እርሷም ድኃ ነኝ ብላ አልቀረችም።

ሌላም ክርክር ነበር። ደረሰኝ ይሰጠን የሚል ጥያቄ ሲነሣ ከኮሚቴው አንዱ አባት መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12ን ጠቅሰው፣ በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን የቤተ መቅደሱን እድሳት የሚያሠሩት ሰዎች ታማኞች ስለ ነበሩ ሂሳብ አልተጠየቁም አሉ። ጥቂት ከፍ ብለው ቢያነቡ ግን፣ ካህናቱ እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ ሳያድሱ በመቆየታቸው ዮዳሄ ክዳኑ የተበሳ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ እንዳኖረ፣ ገንዘቡንም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው እንደ ቈጠሩ ባገኙ ነበር። መተማመን የመጣው ከሁለት ወገን የመጡ ሰዎች አብረው ከቈጠሩ በኋላ ነው። ይህን ለአባታችን በትሕትና ነግረናቸዋል፤ «ልጅ ሆናችሁ» ብለውናል።

በጥቅምት ወር ያልከፈሉ ቤተሰቦች ልጆች ስም በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ተነበበ፤ በትምህርት ቤቱ በር ላይም ተለጠፈ። ከመዘምራን እኅቶቻችን የአንዷ ታናሽ ወንድም ስም በዝርዝሩ ሦስተኛ ነበር። ልጁ በዚያ ቀን እያለቀሰ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እኅታችንም ከዚያ ወዲህ ከመዝሙር ጥናት ቀረች።

ዝርዝሩን የጻፍነው እኛ ነን። ኮሚቴው እጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ወጣቶች ፈልጎ ሲልክብን፣ ለአገልግሎት ተጠራን ብለን ደስ ብሎን፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምረን ጻፍን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቷ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። «ልጆቼ፣ ብር ማጣት ለእኛ አዲስ አይደለም» አሉን። «ልጄን የሰበራት፣ ያ ጽሕፈት የመዝሙር ማስታወቂያ የሚጻፍበት መሆኑን ማወቋ ነው።» መልስ አልነበረንም። በመንገድ ስንመለስ አንዲት እኅት፣ እመቤታችን ጌታን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ በወጣች ጊዜ ያቀረበችውን አስታወሰችን። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ጠቦት ያዝዛል፤ አቅም ላጣች ሁለት ዋኖስ ይፈቅዳል። ሉቃስ የመዘገበው የድኃዋን መሥዋዕት ነው። በዚያ በር ላይ የጠቦት ዝርዝር ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ የእርሷም ስም ይገኝበት ነበር።

ዝርዝሩን በማግሥቱ ለትምህርት ቤቱ ነግረን አንሥተነዋል። ለኮሚቴውም፣ ማንም ቤተሰብ ሊከፍለው የሚችል ትንሽ እኩል መዋጮ እንዲወሰን፣ ከዚያ በላይ ያለው በፈቃድ እንዲሆን፣ ገንዘቡን ከሁለቱም ወገን የተመረጡ ሁለት ሁለት ሰዎች በደረሰኝ እንዲረከቡት በጽሑፍ አመልክተናል። እስካሁን መልስ አልመጣም። እኅታችን ግን ባለፈው እሑድ መጥታ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች።

የሚመጣው ወር 21 ቀን የእመቤታችን ጽዋ ተረኛ እናቷ ናቸው። ከሁለቱ ወገን ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር አናውቅም። እኛ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ልንቀዳ፣ ወንበር ልናመላልስ፣ የጥሪውንም ወረቀት በዚያው እጅ ጽፈን ለሁሉም ቤት ልናዳርስ ተነጋግረናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።